ጥቅል ጎመኔ ቆሞ ቀረ፤ ኖራውን ዛሬ ልበትነው?

ጓሮ ወዳድ፦ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ! ጥቅል ጎመኑን ከተከልኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ አንዲት ቅጠል አልጨመረም። የቅጠሉ ጀርባ ወይን ጠጅ መስሏል። አፈሩን በመለኪያ ወረቀት ብለካው ፒኤች (የአሲድ መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 5 ሆነ። አንድ ከረጢት ኖራ ገዝቻለሁ፤ ከዩሪያ ጋር ደባልቄ ዛሬ ማታ ልበትነው?

አባ መደብ፦ በመጀመሪያ አሲድ የሚያደርገውን ይወቁ። ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ በአፈር ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይመርዛል፤ ፎስፈረስንም አስሮ ይይዛል። ማዳበሪያ ቢጨመርለትም ተክሉ ይራባል። ደግሞ 5 ከ6 በአሥር እጥፍ አሲዳማ ነው፤ የአንድ ቁጥር ልዩነት ብለው አይናቁት።

ለምለም፦ እህቴ፣ አመድ ነስንሺበት፤ ይበቃል።

ሥር መርማሪ፦ በአሲድ ከመፍረድዎ በፊት አንድ ችግኝ ነቅለው ይዩ። ብርድም፣ የተኛ ውሃም ቅጠል ያቀላል።

ጓሮ ወዳድ፦ ነቀልኩ። ሥሩ ከትንሿ ጣቴ አይረዝምም፤ ደንዳና ነው፣ ፀጉር የሚመስሉት ቀጫጭኖቹ የሉም። ውሃም አይተኛበትም።

ለምለም፦ አመድ ብያለሁ!

ነባር ተካይ፦ የእንጨት አመድ ቶሎ ይሠራል፤ ፖታሲየምም አለው። እኔን ያሳሰበኝ ኖራው ነው። ዓይንዎን ከልለው አንድ ማንኪያ በብረት ኩባያ ያድርጉና ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ከጋለ የተቃጠለ ኖራ ነው፤ ችግኝም ሰውም ይጎዳል። ለመደብ የሚሆነው ሳይቃጠል የተፈጨው የኖራ ድንጋይ ነው። ከዩሪያ ጋር በፍጹም አይደባልቁ፤ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ኖራ ደግሞ ላይ ላዩን ተበትኖ ለዚህ ተክል አይደርስለትም፤ ከተከላ ወራት ቀደም ብሎ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል አለበት። ሸክላማ አፈር ብዙ ይፈልጋል፣ አሸዋማ ጥቂት። የድንች መደብ ካለዎት ይተዉት፤ ድንች አሲድ ይችላል፣ ኖራ ሲበዛበት ልጣጩን እከክ ይይዘዋል። ለአሁኑ በችግኙ ዙሪያ በደንብ የበሰለ ብስባሽ ያልብሱ፤ የአሉሚኒየሙን መርዝ ያበርድለታል።

ጓሮ ወዳድ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኩባያው በእጅ የማይያዝ ሆነ! ከረጢቱን አስሬ ከልጆች አርቄዋለሁ። ግን ያለኝ ብስባሽ አንድ ባልዲ ነው፤ ለአርባ ችግኝ እንዴት ላካፍለው?

ሥር መርማሪ፦ ለሁሉም አያካፍሉት። የመሃል ቅጠላቸው ገና አረንጓዴ የሆኑትን ይምረጡና ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት እፍኝ ይስጡ። የቀሩትን ይንቀሉ፤ መደቡን ለሚቀጥለው ተከላ ከአሁኑ ኖራ ይቀላቅሉበት፣ ትክክለኛውን ኖራ ግን።