የማታ ሰርግ ፎቶ ጥላው ሁሉ ነጠብጣብ፦ የካሜራዬ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባዩ) አርጅቶ ነው?

ጠያቂ (ጅማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ ሰርግ አነሳለሁ። ካሜራዬ ካኖን 6ዲ፣ ሌንሴ 24-105 ኤፍ 4 ነው። ቀን ቀን ምንም አይልም። ማታ ድንኳን ውስጥ ግን ኖይዝ (ነጠብጣብ) ስለምፈራ ከአይኤስኦ (ምልክቱን የሚያጎላው ሴቲንግ) 800 አላልፍም፤ በራው (ጥሬ ፋይል) አንስቼ በላይትሩም፣ በኤዲት ፕሮግራሙ፣ ሦስት ስቶፕ ማለትም ሦስት ጊዜ በእጥፍ አበራዋለሁ። ያኔ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ይሞላል። ካሜራውን ቀይሪው የሚሉኝ አሉ። እባካችሁ፣ ገንዘቡ ቀላል አይደለም።

ስቱዲዮ ያለው፦
እህቴ፣ አትቀይሪው! የጎደለሽ ብርሃን ነው። ብርሃን ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው እንደ ዝናብ ጠብታ ነው፤ ሲያካፋ አንዱ ፒክስል ሁለት፣ ጎረቤቱ አምስት ይደርሰዋል። ያ መበላለጥ ነው ኖይዝ ሆኖ የሚታይሽ። እንደ 6ዲሽ ያለ የፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር) ካሜራ ብልጫም የሴንሰሩ ስፋት ነው፤ 36 በ24 ሚሊሜትር ስለሆነ ብዙ ጠብታ ይቀበላል። የሌንሱን ቀዳዳ ካጠበብሽበት ግን ብልጫው ይባክናል። የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ስለዚህ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ፈልጊ፤ ያገለገለም ይሁን። ከኤፍ 4 አምስት እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል።

ኤዲተር፦
ሌንሱ እስኪገኝ አይኤስኦ 6400 ላይ አንሺ። በ800 አንስቶ ሦስት ስቶፕ ማብራት ያው 6400 ማለት ነው፤ ግን 6ዲ የ2012 ካሜራ ነው፣ ምልክቱ ከተነበበ በኋላ የራሱ ኤሌክትሮኒክስ የሚጨምረው ኖይዝ አለ። በኤዲት ስታበሪ ያንንም አብረሽ ታጎያለሽ። ከ6ዲ በኋላ በወጡ እንደ ሶኒ ኤ7 ሦስት ባሉ ካሜራዎች ላይ ልዩነቱ ያን ያህል አይሰማም፤ ባንቺ ካሜራ ግን በደንብ ይታያል።

ቪዲዮ አንሺ፦
በኤፍ 1.8 ቤተሰብ ተደርድሮ ሲቆም ግን ከኋላ ያሉት ይደበዝዛሉ። ለቡድን ፎቶ ወደ ኤፍ 4 መልሺና ፍላሹን ወደ ጣሪያው አዙሪ፤ ድንኳኑ ነጭ ካልሆነ ግን ቀለሙን ፊት ላይ ያመጣዋል፣ ያኔ አታዙሪ። ደግሞ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ፎቶሽ ላይ ጥቁር መስመር ካየሽ ሸተሩን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/100 ሰከንድ አድርጊ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሴንሰሩ ጤነኛ መሆኑን ግን በምን ልወቅ?

ስቱዲዮ ያለው፦
የሌንሱን ክዳን ዘግተሽ በአንድ ዓይነት ሴቲንግ ደጋግመሽ አንሺ። ነጠብጣቡ በየፎቶው ቦታ ከቀያየረ ተራ ኖይዝ ነው። እዚያው ቦታ ደምቆ የሚቀር ነጥብ ካለ ፒክስሉ ተበላሽቷል፤ ጥቂት ከሆኑ ላይትሩም ላይ ታጠፊያቸዋለሽ።