ከልቦለድ መንግሥታት የትኛው ለጦር ጨዋታ ይሆናል?

ባለብሩሽ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። በትንንሽ የወታደር ምስሎች የጦር ጨዋታ ስጫወት እስካሁን የናፖሊዮንን ዘመን ነበር የምከተለው። አሁን ልቤ ሌላ ቦታ ሄዷል። ደራሲዎች የፈጠሯቸውን የአውሮፓ መንግሥታት ማለቴ ነው፤ እነ ሩሪታኒያ፣ ሲልዳቪያ፣ ግራውስታርክ። ካርታ ላይ የሉም፤ ግን ንጉሥ አላቸው፣ ዋና ከተማ አላቸው፣ ጠላትም አላቸው።

እውነተኛ ጦርነት ስንጫወት የሚያስቸግረኝ ነገር ሁለታችንም መጨረሻውን ማወቃችን ነው። ናፖሊዮን በተሸነፈበት በዋተርሎ ውጊያ ላይ የጠላቶቹ አጋሮች ፕሩሲያኖቹ ከሰዓት በኋላ እንደሚደርሱ ማን አያውቅም? ፈረንሳይን የያዘው ተጫዋች ገና ከጠዋቱ እነሱ ወደሚመጡበት ወደ ቀኙ ያያል። የልቦለድ አገር ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ያሉኝ ምስሎች 28 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ለአንድ ወገን 60 ያህል። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር? ሠራዊቱንስ ከምን ተነስቼ ልሥራው? መጽሐፎቹ ስለ ሠራዊት ብዙም አያወሩም።

ነጭ ፈረሰኛ

ሲልዳቪያ! የቲንቲን የሥዕል ታሪክ (ኮሚክ) «የንጉሥ ኦቶካር በትር» ውስጥ ያለችው አገር። ዓላማው ተሠርቶ ያለቀ ነው። ንጉሡ በቅዱስ ቭላድሚር ቀን በትረ መንግሥቱን ይዞ ሕዝቡ ፊት ካልወጣ ዙፋኑን ያጣል። በትሩ ይሰረቃል፣ ጎረቤቷ ቦርዱሪያ ደግሞ ድንበር ላይ ሆና ትጠብቃለች። ታሪኩ መውጣት የጀመረው ጀርመን ኦስትሪያን በጠቀለለችበት ዓመት ነው፤ ስታነበው ይሰማሃል። አንዱ ወገን በትሩን ይዞ ወደ ድንበር ይሮጣል፣ ሌላው ዋና ከተማዋ ክሎው ሊያደርሰው ይሞክራል። የስንት ዙር ጨዋታ እንደሚሆን ብቻ ወስን።

ድልድይ ጠባቂ

ወንድሜ፣ ዩኒፎርሙን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ጸቡን ምረጥ። የልቦለድ መንግሥት ለእኛ የሚሰጠን ትልቁ ነገር ሰዎቹ ለምን እንደተጣሉና ምን ማድረግ እንደማይችሉ ነው። ይቺን «የማይችሉትን» በደንብ ያዝልኝ፤ ጥሩ ጨዋታ የሚወለደው ከእሷ ነው።

ሩሪታኒያን እንውሰድ። አንቶኒ ሆፕ መጽሐፉን፣ «የዜንዳው እስረኛ»ን፣ ያሳተመው በ1894 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ንጉሥ ሩዶልፍ ዘውድ በሚጭንበት ዋዜማ በመድኃኒት ያደነዝዙታል። በቦታው መልኩ ቁርጥ እሱን የሚመስል እንግሊዛዊ ዘውዱን ይጭናል። እውነተኛው ንጉሥ ደግሞ ይታፈናል። አፋኙ የአባቱ ልጅ፣ የስትሬልሳው መስፍን ሚካኤል ነው።

አሁን እጃቸው እንዴት እንደታሰረ ተመልከት። ሚካኤል «ይሄ አስመሳይ ነው» ብሎ መጮህ አይችልም። ከጮኸ «እውነተኛው ታዲያ የት አለ?» ይባላል። አስመሳዩም ሠራዊት አስከትሎ ንጉሡ የታሰረበትን የዜንዳን ግንብ መክበብ አይችልም። ከከበበ ንጉሡ ይገደላል። ሁለቱም አገር ሙሉ ወታደር እያላቸው በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች፣ በሌሊት፣ በድብቅ ለመዋጋት ይገደዳሉ። የአንተ 60 ምስሎች እዚህ ላይ ይተርፉሃል እንጂ አያንሱህም።

ግንቡን እኔ ሠርቼው ስለተጫወትኩበት ልንገርህ። አሮጌው ምሽግ በጥልቅ የውሃ ቦይ የተከበበ ነው። ከፊቱ አዲሱ መኖሪያ አለ። መሃላቸው ተነሺ ድልድይ። ንጉሡ የታሰረው ምድር ቤት ነው፤ ከመስኮቱ ሰፊ ቱቦ ወጥቶ ቁልቁል ወደ ቦዩ ይወርዳል። ጥቃት ከመጣ ጠባቂዎቹ ንጉሡን ገድለው አስከሬኑን በቱቦው ውሃ ውስጥ ሊሰዱት ነው ዕቅዱ። እንግዲህ አጥቂው ብዙ ሰው ባመጣ ቁጥር ንጉሡ ለሞት ይቀርባል!

ይህን ወደ ሕግ ስቀይረው እንዲህ አደረግኩ። ጥይት በተተኮሰ ቁጥር የጫጫታ ነጥብ አንድ ይጨመራል። ዙሩ ሲያልቅ ተከላካዩ አንድ ዳይስ ይጥላል። የወጣው ቁጥር ከጫጫታው ነጥብ ካልበለጠ ጠባቂዎቹ ወደ ንጉሡ ክፍል አንድ ደረጃ ይጠጋሉ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ከደረሱ ጨዋታው አለቀ። ይቺ ሕግ ከገባች ወዲህ ሽጉጥ የያዘ ሁሉ ለመተኮስ ያመነታል። ሰይፍ የያዘ ምስል ዋጋ ያገኛል። ዋኝቶ ቦዩን የሚያቋርጥ አንድ ሰው ከሃያ እግረኛ ይበልጣል። መጽሐፉም ውስጥ ቦዩን በዋና የሚያቋርጥ አለ፤ ማን እንደሆነ አልነግርህም፣ አንብበው።

ሰፋ ያለ ውጊያ ካማረህ ደግሞ ዋና ከተማዋን ስትሬልሳውን ሥራ። አዲሱ ከተማ የንጉሡ ወገን ነው፤ አሮጌው ከተማ ጠባብ፣ ድሃና የሚካኤል ደጋፊ። ዘውድ በሚጫንበት ቀን አስመሳዩ አጃቢዎቹን ወደኋላ አስቀርቶ በአሮጌው ከተማ ብቻውን በፈረስ ያልፋል። እዚያ ቦታ ላይ አንድ ድንጋይ ቢወረወር ምን ይሆን ነበር? መጽሐፉ ያልሄደበትን መንገድ አንተ ጠረጴዛ ላይ ትሄድበታለህ።

ከሁለት ሰው በላይ ከሆናችሁ የደራሲውን የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንን ግሩኔቫልድ እመክራለሁ፤ መጽሐፉ «ልዑል ኦቶ» ይባላል፣ የ1885 ነው። አደን እንጂ አስተዳደር የማይወድ ልዑል፣ ከጎረቤቷ ከጌሮልስታይን ጋር ጦርነት የሚፈልግ ባሮን፣ ከታች ደግሞ አብዮተኞች። ሦስት ወገን፣ ሦስት ዓላማ። ደግሞ እኮ ስቲቨንሰን ራሱ የኛ ሰው ነው! በ1880ዎቹ መጀመሪያ ስዊዘርላንድ፣ ዳቮስ ሳለ ከእንጀራ ልጁ ጋር በቆርቆሮ ወታደሮች ይጫወት ነበር። ከጣሪያው ሥር ባለው ክፍል ወለሉ ላይ በባለቀለም ጠመኔ ካርታ ይስሉ ነበር፤ ተራራ፣ ወንዝ፣ ድልድይ፣ መንገዱን ሳይቀር በሁለት ደረጃ ከፍለው። ይህን ሳውቅ ግሩኔቫልድን እንደገና አነበብኩት። ልብ ብለህ ካየኸው መንገዶቹንና ደኖቹን የሚያወራው ካርታ ፊቱ ዘርግቶ እንደተቀመጠ ሰው ነው።

ባለብሩሽ

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! በዜንዳ እጀምራለሁ፣ ቆርጬያለሁ። ግን ዩኒፎርሙ ነገር አሁንም ጭንቅላቴን ይበላኛል። ምን ልቀባቸው?

ድልድይ ጠባቂ

መጽሐፉ ቀለሙን ሰጥቶሃል። ኤልፍበርጎች፣ ማለትም የንጉሡ ዘር፣ በቀይ ጸጉራቸው ይታወቃሉ። ሚካኤል ደግሞ «ጥቁሩ» ነው የሚባለው። ስለዚህ ለንጉሡ ወታደሮች ኮሌታና የእጅጌ መታጠፊያ ቀይ፣ ለመስፍኑ ጥቁር አድርግ። በሁለት ሜትር ርቀት ማን የማን እንደሆነ ይለያል።

ለኮቱ ከእውነተኛ ጦር ተበደር። ኦስትሪያኖች እስከ 1860ዎቹ መጨረሻ ነጭ ኮት ይለብሱ ነበር። የባቫሪያ ወታደር ደግሞ ሰማያዊ ኮትና ባለጉትያ የራስ ቁር ነበረው፤ ቁሩ እስከ 1886 ቆይቷል። ነጭ ኮት ላይ የባቫሪያን ቁር አድርግበት፤ የየትም አገር ያልሆነ፣ ግን የሚታመን ወታደር ታገኛለህ። አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ሌላውን እንዳለ ተወው። ሁሉንም ከቀየርክ የሰርከስ ልብስ ይሆናል።

የሠራዊቱ ማነስም አያሳስብህ። ሊክተንስታይን በ1866 ያዘመተችው 80 ሰው ብቻ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ጦሯን ጨርሳ አፈረሰች። የትንሽ መንግሥት ጦር ላይ አንድ ምስል አንድ ሰው ቢሆን ማንም አያምህም።

ነጭ ፈረሰኛ

በቀለሙ እስማማለሁ። በአንድ ነገር ግን አልስማማም፤ ጥይት በጫጫታ መቅጣት ጨዋታውን ያጓትታል። እኛ ጋ ብዙ ሰው ከስድስተኛው ዙር በኋላ መንቀሳቀስ ያቆማል።

ድልድይ ጠባቂ

እውነት ነው፣ ያጋጥማል። ለዚህ መፍትሔው ሰዓት ነው። ስምንተኛው ዙር ላይ ይነጋል በል። ከነጋ በኋላ አጥቂው ቦዩ አጠገብ የቀረ ሰው ካለው ወዲያው ይታያል፣ ይተኮስበታል። ያኔ የሚቆም የለም። ባለብሩሽ፣ ቦዩን ስትሠራ ከ15 ሴንቲ ሜትር አታሳንሰው። ከጠበበ ዋናተኛው በአንድ ዙር ይሻገርና ጠባቂው ሊያየው የሚችልበት ዕድል ይጠፋል። ድልድዩን ደግሞ የሚነሳና የሚወርድ አድርገው፤ ማን እንደሚያወርደው የምትጣሉበት ጨዋታ ነው።