ደኑ ባለቀ ተዳፋት ላይ ከችግኝና ከእርከን የቱ ይቅደም?

ሰንበሌጥ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ድሃ አገሮች የተጻፉ የአደጋ ዘገባዎች ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር አይጠፋም፦ «ደኑ በመመንጠሩ ጎርፉ ከፋ፣ መሬቱም ተናደ።» መፍትሔውም ሁሌ ችግኝ ተከላ ነው። ችግኝ እስኪያድግ ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ዝናቡ ደግሞ አይጠብቅም። አናቱ የተራቆተ፣ ወገቡ በቦረቦር የተቆራረጠ፣ ግርጌው ላይ ሰው የሰፈረበት ተራራ ቢሆንና ያለው አቅም ጉልበት፣ ድንጋይና አካፋ ብቻ ቢሆን ሥራው ከየት ይጀመራል? ልኩን በሜትርና በሴንቲሜትር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚለውን ጠግቤዋለሁ።

ካብ፦
ከላይ ወደ ታች ነው። ሰው ግን ዓይን የሚይዘው ቦረቦሩ ስለሆነ ከዚያ ይጀምርና የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ክትሩን (ቦረቦሩ ውስጥ በአግድም የሚካበውን የድንጋይ ግድብ) ጠርጎ ይወስድበታል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ 500 ሜትር ኩብ ውሃ ማለት ነው። ግማሹ እንኳ ቢሰርግ ቀሪው 250 ሜትር ኩብ ወደዚያች ቦረቦር ይወርዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ከሥራው ቦታ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል። ዝቅታው ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ይሁን፤ ከዚያ ከበለጠ ቦዩ ራሱ ይሸረሸራል፣ ካነሰ በደለል ይሞላል። መለኪያው ሁለት እኩል ዘንጎች፣ በመካከላቸው የ10 ሜትር ሲባጎና የሲባጎው ልክ እኩሌታ ላይ የሚንጠለጠል የገመድ ውሃ ልክ ነው። ለ0.5 በመቶ መሬቱ በ10 ሜትር 5 ሴንቲሜትር መውረድ አለበት፤ እናም ውሃው በሚሄድበት በኩል ባለው ዘንግ ላይ ሲባጎው 5 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይገለብጠዋል፤ ዝቅ አድርጎ ያስርና ውሃው ወደ መጣበት ይመለሳል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ደግሞ ውሃ ልኩን ሲባጎው ላይ አዙሮ መስቀል ነው፤ አረፋው ሁለቱንም ጊዜ አንድ ቦታ ካልቆመ መሣሪያው ውሸታም ነው። የቦዩ መጨረሻ ሣር በለበሰ ወይም አለታማ በሆነ የተፈጥሮ መፋሰሻ ላይ ይለቀቅ። ባዶ አፈር ላይ ከለቀቃችሁት ሌላ ቦረቦር መውለዳችሁ ነው።

ከዚያ እርከን። በሁለት እርከኖች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1 ሜትር ቢሆን፣ 10 በመቶ ተዳፋት ላይ ርቀቱ 10 ሜትር፣ 20 በመቶ ላይ 5 ሜትር ይመጣል። የድንጋዩ መሠረት 30 ሴንቲሜትር ያህል መቀበር አለበት።

ቦረቦሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የክትር አተካከል ሕጉ አንድ ነው፦ የላይኛው ክትር እግርና የታችኛው ክትር አናት በአንድ ልክ መሆን አለባቸው። ቁመቱ 1 ሜትር፣ የቦረቦሩ ወለል ተዳፋት 10 በመቶ ከሆነ በየ10 ሜትሩ ማለት ነው። ደለሉ ራሱ ትንሽ ተንጋዶ ስለሚተኛ እስከ 12 ሜትር ማራራቅ ይቻላል። ወለሉ ውስጥም ግራና ቀኝ ግድግዳው ውስጥም 50 ሴንቲሜትር ይግባ። አናቱ መሐሉ ጎድጎድ ይበል፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃው ለስላሳውን ጠርዝ ፈልጎ በጎን ይዞራል። ክትር ሲፈርስ ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ከታች ድንጋይ አለመነጠፉ ነው፤ ውሃው ሲወድቅ እግሩን ይቆፍረዋል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ድንጋዩን ከቦረቦሩ ወለል አትልቀሙ። ወለሉን አቅፎ የያዘው እሱ ነበር።

ደለል፦
ካብ ያለው ለጎርፍና ለአፈር መሸርሸር ትክክል ነው። ለናዳ ግን አንዳንዱ መርዝ ይሆናል። መሸርሸር ውሃ መሬት ላይ ሲሮጥ የሚመጣ ነው፤ መድኃኒቱ ውሃውን ማስረግ። ናዳ የሚመጣው ግን ውሃው ሰርጎ አፈሩን ሲያከብደውና ውስጡ ያለው የውሃ ግፊት መያዣውን ሲያላላው ነው። ስለዚህ በተሰነጠቀ ተራራ አናት ላይ ውሃ የሚያቁር እርከንና የማስረጊያ ጉድጓድ መቆፈር ናዳውን መጥራት ነው። እዚያ የሚያስፈልገው መቀልበሻ ቦዩ ብቻ ነው፤ እሱም ከስንጥቁ በላይ ይሁን፣ ወለሉም በሸክላ አፈር ይደልደል።

አካፋ ከመነሳቱ በፊት ተራራውን በእግር መዞር ግድ ነው። የሚፈለገው ጨረቃ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ፣ ግንዳቸው ከሥር የጎበጠ ዛፎች፣ ድንገት የፈለቀ ወይም የደፈረሰ ምንጭ፣ አለምክንያት አልዘጋ ያለ የቤት በር ነው። ስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ችካል ተክሎ ርቀቱን በየጠዋቱ በሚሊ ሜትር መመዝገብ ነው። ጭማሪው ራሱ ከቀን ቀን እየበዛ ከሄደ፣ 2፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 12 ካለ፣ ጉዳዩ የእርከን አይደለም፤ ታች ያለው ሰው በዚያው ቀን መነሳት አለበት።

ዛፍን በተመለከተ፦ ሥር አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ላይኛውን አንድ ሁለት ሜትር ነው፤ ከዚያ በታች የሚንሸራተተውን አያቆመውም። ደን ሲቆረጥ የሞተው ሥር ወዲያው አይበሰብስም፤ ተራራው የሚላላው ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ አሮጌው ሥር በስብሶ አዲሱ ገና ሳይጠነክር ነው። «ከተቆረጠ ስንት ዓመቱ፣ ምንም አልሆነም» የሚለው መጽናኛ ለዚህ ነው የማያስተማምነው።

ሰንበሌጥ፦
ካብ፣ ደለል፣ እናመሰግናለን። እንግዲያው አንድ ደሴት የሚጋሩትን፣ ደኗ የተመነጠረውን ሄይቲንና ጎረቤቷን ዶሚኒካን ሪፐብሊክን እያነጻጸሩ «በአደጋ በሚሞተው ሰው ብዛት የሚለያዩት በደኑ ነው» የሚሉት ምን ያህል እውነት ነው?

ዳመና፦
ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ጂን የተባለችው ማዕበል ሄይቲ ውስጥ ከ3,000 በላይ ሰው ገደለች፣ አብዛኛውን ጎናይቭ ከተማ ላይ፤ ማዕበሏ ባለፈችባት ጎረቤት አገር የሞተው ከዚያ ጋር አይወዳደርም። የተራቆተው ተራራ ድርሻ ነበረው። ነገር ግን በዚያው ዓመት ሜይ ወር በዶሚኒካኗ ጂማኒ ከተማ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሌሊት ጎርፍ አልቀዋል። ወንዙ የሚነሳው ከሄይቲ በኩል ነው፤ ሰዎቹ ቤት የሠሩት ደግሞ በጋ የሚደርቅ የወንዝ አልጋ ላይ ነበር። በ2017 በሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን ላይ ተራራው ሲናድ ከ1,100 በላይ ሰው የሞተውና የጠፋውም ደኑ ስለተመነጠረ ብቻ ሳይሆን ቤቶቹ ተዳፋቱና የውሃው መውረጃ ላይ ስለነበሩ ጭምር ነው። ደን ትንሹንና መካከለኛውን ዝናብ ይገታል፤ ለቀናት ሲዘንብ ግን አፈሩ ይጠግብና ደኑም የተራቆተውም መሬት ውሃውን ከሞላ ጎደል እኩል ይለቁታል።

ባንግላዴሽን ተመልከቱ። በ1970 አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300,000፣ በ1991 138,000 ያህል፣ በ2007 ደግሞ 3,400 ያህል ሰው ሞተ። በመሐል የበዛው መጠለያና ድምፅ ማጉያ ይዞ የሚዞር በጎ ፈቃደኛ ነው። በ2008 ናርጊስ የተባለችው አውሎ ነፋስ የመታችው የማይናማር ደልታ (ወንዝ ባሕር የሚገባበት ዝቅተኛ ሜዳ) ግን የባሕር ዳር ማንግሮቩ (ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ደን) ለሩዝ እርሻና ለሽሪምፕ ኩሬ ተመንጥሮ ነበር፤ በቂ ማስጠንቀቂያም መጠለያም አልነበረም። 138,000 ያህል ሰው ሞተ፣ ጠፋ።

ስለዚህ ከአካፋው ጎን አንድ የዝናብ መለኪያ ይኑር። ጎኑ ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከትከሻው ሥር ይቆረጥና ቁራጩ ተገልብጦ እንደ ማንቆርቆሪያ (ፈነል) ይገባበታል። የጠርሙስ ቂጥ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ይጨመርበትና ጠጠሩን እስኪያልፍ ውሃ ይሞላል፤ ያ ዜሮ ነው። ከዚያ በላይ በማስመሪያ ይመረቃል። የአፉና የሆዱ ስፋት እኩል ካልሆነ ግን ንባቡ ይዋሻል። «ይህን ያህል ሚሊ ሜትር ሲሞላ ውጡ» የሚል ለሁሉም ቦታ የሚሠራ ቁጥር የለም፤ በየቦታው ከሚያዝ መዝገብ የሚወጣ ነው፤ ሲወጣም ያለፉትን ቀናት ዝናብ ደምሩበት። ለሦስት ቀን በራሰ መሬት ላይ የሚወርድ 40 ሚሊ ሜትር በደረቅ መሬት ላይ ከሚወርድ 80 ሊብስ ይችላል።

ካብ፦
የደለልን ማስጠንቀቂያ ተቀብያለሁ፤ ስንጥቅ ካለ እርከኑ ይቅር። ችግኙን በተመለከተ፣ ከዛፍ በፊት ሣር ነው። ቬቲቨር በእርከኑ ጫፍ ላይ በየ10 እስከ 15 ሴንቲሜትሩ፣ ዝናቡ ሲይዝ ይተከላል፤ የሞተው ወዲያው ካልተተካ ውሃው በክፍተቱ ተሰብስቦ ይጥሰዋል። ከሁሉም በላይ ግን ከብት አይግባበት፤ ከግጦሽ የተከለለ ተራራ ብዙ ጊዜ ማንም ሳይተክልበት ራሱ ይለብሳል። የመጀመሪያው ዝናብ ካባራ በኋላ ደግሞ ክትሮቹን አንድ በአንድ መዞር ነው። የተፈነቀለ ድንጋይ በዚያው ቀን ከተመለሰ የአንድ ሰው ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።