የአልባኒን እቅድ ማን ገደለው?

ቆቅ፦
ትናንት አንድ ውይይት ላይ ተናጋሪው ምን አለ መሰላችሁ? «የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች በ1754 አልባኒ ላይ አንድ መንግሥት ቀረበላቸው፤ ሕዝቡ ግን እምቢ አለ።» ከዚያ «አንድነት ከላይ ሲመጣ ሕዝብ ይተፋዋል» ወደሚል ስብከት ገባ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ደሜ ፈላ። የትኛው ሕዝብ ነው እምቢ ያለው? ኒው ዮርክ ውስጥ አልባኒ ከተማ የተሰበሰቡት የሰባት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ተወካዮች ናቸው። ያወጡትን የአንድነት እቅድ የጣሉት ደግሞ የየግዛቱ ምክር ቤቶች። ገበሬውን ማን ጠየቀው? (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ እንዳትነዘንዙኝ።)

የሜሪላንዷ፦
ምክር ቤቶቹስ ከሰማይ ወረዱ? ሕዝብ የመረጣቸው ሰዎች እምቢ ካሉ ሕዝቡ እምቢ አለ ማለት ነው። ነገር አታክር።

ቆቅ፦
የመረጣቸው ባብዛኛው ንብረት ያለው ነጭ ወንድ ነው። አንቺ ያኔ ብትኖሪ ድምፅ አልነበረሽም። ባሪያውም የለውም። «ሕዝቡ» ያልሽው ይሄ ከሆነ ይሁንልሽ።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ መጀመሪያ እቅዱን እንየው። ዋናው አርቃቂ የፔንሲልቬንያው ተወካይ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ የሚሾመው አንድ ጠቅላይ ፕሬዚዳንት አለ። ከእሱ ጋር 48 መቀመጫ ያለው ታላቅ ምክር ቤት። ማሳቹሴትስና ቨርጂኒያ ሰባት ሰባት፣ ፔንሲልቬንያ 6፣ ሮድ አይላንድና ኒው ሃምፕሻየር ሁለት ሁለት። ሥራው ከአገሬው ነባር ሕዝቦች ጋር ውል መዋዋል፣ ጦር ማቆም፣ ምሽግ መሥራት ነው። ለዚህም ቀረጥ ይጥላል። ነገሩ የከሸፈው እዚህች ላይ ነው። ምክር ቤቶቹ ከገዥዎቻቸው ጋር ስንት ዘመን ታግለው የያዙትን የካዝና ቁልፍ ለማያውቁት አካል አይሰጡም።

የሜሪላንዷ፦
ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ! ቀረጥ ከፋዩ እምቢ አለ። አበቃ።

ቆቅ፦
ጋሼ ያሉት ምክር ቤቶቹ ሥልጣናቸውን አናካፍልም አሉ ነው። አንቺ ቀረጥ ከፋዩን ከየት አመጣሽው?

አትላንታ፦
ጆርጂያ ስንት መቀመጫ ነበራት?

ጡረተኛው መምህር፦
ዜሮ። ጆርጂያና ደላዌር እቅዱ ውስጥ የሉም።

አትላንታ፦
እንደተለመደው። ያ ፍራንክሊን ቅኝ ግዛቶቹን በተቆራረጠ እባብ የመሰለበት የጋዜጣ ሥዕል ላይም የለንም። «ተባበሩ ወይ ሙቱ» ብሎ እኛን ሳይጠራ።

ወፍ አዳኝ፦
ሕዝቡ ሕዝቡ ስትሉ የአገሩን ባለቤቶች ረሳችሁ እኮ። ለንደን ስብሰባውን ያዘዘችው ለአንድነት ብላ አይደለም። በኅብረት የሚኖሩት ስድስቱ ነባር የኢሮኮይ ብሔሮች ኩርፊያ ላይ ስለነበሩ ነው። ወደ ፈረንሳይ ሳይሄዱብን አባብሏቸው ነው ትእዛዙ። ከስድስቱ የአንዱ፣ የሞሆክ ብሔር መሪ ሄንድሪክ በጉባኤው ፊት ቆሞ በትር አንሥቶ ወደ ኋላው ወረወረ። «እናንተም እንዲህ ነው ወደ ኋላ የጣላችሁን» አላቸው። ተወካዮቹ ስጦታና ተስፋ ሰጥተው ሸኙት። በዚያው ሰሞን የፔንሲልቬንያና የኮነቲከት ሰዎች አንድ መሬት ለየራሳቸው ይገዙ ነበር፣ የኮነቲከቱ ደላላ ፊርማ የሚለቅመው በጓዳ በር ነው። ቀን ስለ አንድነት ያወራሉ፣ ማታ በመሬት ይሻማሉ። ይሄ ነው እንግዲህ ታላቁ ጉባኤያችሁ።

ቆቅ፦
አየሽ? «ከላይ መጣ» የሚለውም ውሸት ነው። ለንደን አንድነት አምጡ አላለችም፤ ተወካዮቹ ራሳቸው ናቸው የጨመሩት።

ወፍ አዳኝ፦
ደግሞ ሐሳቡን ከማን ወሰዱት? ከኢሮኮይ ነው! የኢሮኮዩ መሪ ካናሳቴጎ በ1744 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ላንካስተር ላይ «እንደኛ ተባበሩ» ብሎ መክሯቸዋል። ያንን ንግግር ያሳተመው ፍራንክሊን ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ራሱ በ1988 በውሳኔ አምኗል።

ጡረተኛው መምህር፦
ምክሩ እውነት ነው። ከዚያ ተነሥቶ እቅዱን ከእነሱ ቀዱት ማለት ግን ሌላ ነው። የ48ቱ መቀመጫ፣ የንጉሥ ሹመቱ፣ ቀረጡ ከኢሮኮይ ሥርዓት ጋር አይመሳሰልም። ኮንግረስ ደግሞ ምስጋና ማጽደቅ ይወዳል፣ ወጪ የለውም።

ወፍ አዳኝ፦
ጋሼ፣ ፍራንክሊን በ1751 ደብዳቤው ስድስቱ ብሔሮች ኅብረት መሥርተው ሲያቆዩ አሥር አሥራ ሁለት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ማቃቱ ይገርማል ብሏል። ከዚህ በላይ ምን ይበል?

ጡረተኛው መምህር፦
እዚያው ደብዳቤ ላይ «አላዋቂ አረመኔዎች» ብሏቸዋል። እሱንስ ለምን ዘለልከው?

ዳዊት ነኝ፦
ይሄ ሁሉ ለምን? የጋናው ንክሩማ በ1963 አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ቅኝ ግዛቶቹ ኋላ የተሰበሰቡበትን የፊላደልፊያ ጉባኤ ምሳሌ አድርጎ አፍሪካ አንድ ትሁን ብሎ ለመነ። ማን ሰማው?

የሜሪላንዷ፦
መጣ ደግሞ! ንክሩማም ቢሆን የጠራው ፊላደልፊያን ነው። አልባኒን ያልጠራው ሕዝብ ስላልተቀበለው ነው።

ቆቅ፦
አሁንም «ሕዝብ»! እሺ፣ ሕዝብ እምቢ ሲል ምን እንደሚመስል ላሳይሽ። በ1686 የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ ኒው ኢንግላንድ የሚባሉትን የሰሜን ቅኝ ግዛቶች ጠቅልሎ አንድ ግዛት አደረጋቸው። ኋላ ኒው ዮርክንና ጀርሲን ጨመረበት። ምክር ቤቶቹን ዘጋ፣ አንድሮስ የሚባል ገዥ ላከ። ኤፕሪል 18 ቀን 1689 የቦስተን ሰው መሣሪያ ይዞ ወጣና አንድሮስን እስር ቤት ከተተው። ያ ነው የሕዝብ እምቢታ! በአልባኒ ጉዳይ ማን አደባባይ ወጣ? አንድ ሰው ጥሪልኝ።

የሜሪላንዷ፦
ሰው ካልታሰረ እምቢታ አይባልም ማለት ነው? ጥሩ መለኪያ አለህ። የ1643ቱ የኒው ኢንግላንድ ኅብረትስ? አራት ግዛት፣ ስምንት ኮሚሽነር፣ ውሳኔ በስድስት ድምፅ። በ1653 ሦስቱ ግዛቶች ጎረቤቶቻቸውን ደቾቹን (የሆላንድ ሰዎቹን) እንውጋ አሉ፤ ማሳቹሴትስ አልዘምትም አለች፣ ቀረ። ያኔም ማንም አልታሰረም።

ቆቅ፦
እሱማ የኔ ማስረጃ ነው! ትልቁ አባል ስላልተመቸው ውሳኔውን አፈረሰው። ሕዝብ የታለ እዚህ ውስጥ?

ጡረተኛው መምህር፦
ለንደንንም አትርሱ። ፍራንክሊን ራሱ ሲያስታውስ ምክር ቤቶቹ የንጉሡ ሥልጣን በዛበት አሉ፣ እንግሊዝ ደግሞ ሕዝባዊነቱ በዛበት አለች ይላል። ሁለት ገዳይ ነው ያለው።

የሜሪላንዷ፦
የገዛ አገሩ ፔንሲልቬንያ እንኳ ጣለችው ጋሼ። የፍራንክሊን ግዛት!

ቆቅ፦
እሱ በሌለበት ቀን ጠብቀው ነዋ! አንዱ አባል አመቻችቶ አስቀረበው፣ በቅጡ ሳያዩት ጣሉት። ሰውየው ራሱ ፍትሐዊ አልነበረም ብሎ ጽፏል። «ሕዝቡ» የምትይው አንድ ሰውዬ ሆኖ ቁጭ አለ።

የሜሪላንዷ፦
ተሸናፊ ምን ይበል ታዲያ? ሁሌም በሌለሁበት ነው የሚለው።

ዳዊት ነኝ፦
የንክሩማን ጥያቄ ግን የመለሰልኝ የለም።

አትላንታ፦
የጆርጂያንም።