ኢግሌሲያስ የሚባሉት ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው እንዴ?

ጠያቂ፦ ሰላም፣ ዘፋኞቹ ሁሊዮና ኤንሪኬ ኢግሌሲያስ አባትና ልጅ እንደሆኑ አውቃለሁ፣ ግን ፖለቲከኛው ፓብሎ ኢግሌሲያስም አለ፣ የእግር ኳስ አጥቂው ቦርሃ ኢግሌሲያስም አለ፣ ዛሬ ደሞ ሌላ ፓብሎ ኢግሌሲያስ አግኝቼ ጭራሽ ተደናገርኩ። ትርጉሙ ምንድነው?

መልስ 1፦ ኢግሌሲያ በስፓኒሽ ቤተክርስቲያን ነው፣ መጨረሻው ላይ "ስ" ሲገባ ይበዛል። ከላቲን ነው የመጣው፣ ላቲኑ ደሞ ከግሪክ፣ ግሪኩ ጋ ጉባኤ ማለት ነበር። ቤተክርስቲያን አጠገብ የሚኖር ሰው ወይ በዚህ ስም ከሚጠራ መንደር የመጣ ሰው በዛው ይጠራል፣ ቤተክርስቲያን የሌለበት መንደር የት አለና፣ ስለዚህ ስሙ በየቦታው ለየብቻው ነው የወጣው።

መልስ 2፦ ቤተክርስቲያን ደጃፍ ተጥለው ለተገኙ ህፃናትም ይሰጥ ነበር እኮ። ግን ስሙን የያዘ ሁሉ የነሱ ዘር ነው ማለት አይደለም።

መልስ 3፦ ፓብሎዎቹን ለመለየት የእናት ስም እዩ፣ ስፔኖች ሁለት የቤተሰብ ስም ነው ያላቸው፣ በተለምዶ መጀመሪያ የአባት፣ ቀጥሎ የእናት። ፓብሎ ኢግሌሲያስ ፖሴ በ1850 የተወለደው ማተሚያ ቤት ሰራተኛ የነበረው ሲሆን በ1879 የስፔንን ሶሻሊስት ፓርቲ ማድሪድ ላይ ከመሰረቱት ዋናው ነው። ፓብሎ ኢግሌሲያስ ቱሪዮን ደሞ በ1978 የተወለደው፣ ፖዴሞስ የሚባለው የግራ ፓርቲ መሪ የነበረው ሰውዬ ነው፣ ፓብሎ ያሉትም ወላጆቹ ለፊተኛው ክብር ብለው ነው። በስጋ አይገናኙም።

መልስ 1፦ የሚገርመው ግን ጋሊሲያን፣ የስፔንን ሰሜን ምዕራብ ክልል፣ ተመልከቱ። ፖሴ የተወለደው ፌሮል፣ ቦርሃ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ፣ የሁሊዮ አባት ኦሬንሴ፣ ሶስቱም ጋሊሲያ! በጋሊሲያኛ ራሱ ቃሉ "ኢግሬሻ" ነው፣ ስሙ በካስቲያ፣ ማለት በተለመደው ስፓኒሽ፣ አፃፃፍ ሆኖ ነው የቀረው።

ጠያቂ፦ እና ኤንሪኬ የእናቱ ስም ማነው?

መልስ 3፦ ፕራይስለር፣ እናቱ ኢሳቤል የማኒላ ልጅ ናት። እሱ ግን ሲጀምር በአባቱ ስም ወጣ እንዳይባል የመጀመሪያ ዴሞውን (የሙከራ ቅጂውን) ኤንሪኬ ማርቲኔዝ በሚል ስም ነበር የሚያዞረው 😀 የሁሊዮ እናት ስም ደሞ ዴ ላ ኩዌቫ ነው፣ "የዋሻው" ማለት፣ እና ሙሉ ስሙን ቃል በቃል ካየኸው ሁሊዮ ቤተክርስቲያኖች የዋሻው ነው።

ጠያቂ፦ ሃሃ ከዛሬ በኋላ ዘፈኑን ስሰማ ዋሻው ነው የሚመጣብኝ