ሌሊት ሐኪም ጋ ስደውል ነገሬ ውሃ አያነሳም

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሜሪላንድ ሆስፒታል ውስጥ በነርስነት ሥራ ከጀመርኩ ገና ነው፤ የሌሊት ተረኛ ነኝ። እንግሊዝኛዬ ለክፉ አይሰጥም። ግን ታካሚ ሲብስበት ሐኪም ጋ ደውዬ ሳስረዳ፣ «እሺ፣ ተከታተዪው» ብሎ ይዘጋዋል። ፈረንጇ ባልደረባዬ ያንኑ ስትናገር ተነስቶ ይመጣል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦
እህቴ፣ በቅድሚያ እንኳን ለሥራው አበቃሽ። በዚህ ሙያ ብዙ ቆይቻለሁ፤ ሐበሻ ጀማሪዎችን ሳይ ጣጣው ያለው የነገር አቀራረባችን ላይ ነው። ሰላምታ እናስቀድማለን፣ ይቅርታ እንጨምራለን፣ ከዚያ ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ። ዋናው ጉዳይ ላይ እስክንደርስ ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰው ሰውዬ ጆሮው ተዘግቷል።

ኤስባርን (SBAR)፣ የታካሚን ሁኔታ በአራት ነጥብ ማስረጃውን ዘዴ፣ ተምረሽዋል መቼም። የፈተና ጥያቄ ብቻ እንዳይመስልሽ። ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች የመጣ ነው፤ በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ ካይዘር ፐርማነንቴ የተባለው የአሜሪካ የጤና ድርጅት ወደ ሕክምና አመጣው። አሁን ምን ሆነ፣ በፊት ምን ነበረ፣ አንቺ ምን ይመስልሻል፣ ምን ይደረግ። እኛ የምንሸሸው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ነው። «ለሐኪም ሥራውን የምነግረው እኔ ማን ነኝ?» ያሰኘናል።

እንዲህ ሞክሪው፦ «ዶክተር፣ የ4ኛ ፎቅ ነርስ ነኝ። 12 ቁጥር ያሉት ታካሚ ትንፋሽ አጥሯቸዋል፤ ኦክስጅናቸው ከ95 ወደ 86 ወርዷል። ትናንት በሳንባ ምች የገቡት ናቸው። 2 ሊትር ኦክስጅን ይዘው እንኳ 89 ላይ ነው ያሉት። እየባሰባቸው ይመስለኛል። አሁን መጥተው እንዲያዩዋቸው እፈልጋለሁ። በስንት ደቂቃ ይደርሳሉ?»

ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። «ተከታተዪው» ብሎ መዝጋት ይከብደዋል።

ደግሞ ስልክ ላይ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እያደረግን «አዎ» የምንላትን ተያት። ፈረንጅ ወይ አይሰማትም፣ ወይ የደነገጥሽ ይመስለዋል። ትዕዛዝ ሲሰጥሽ ጻፊና መልሰሽ አንብቢለት። በእንግሊዝኛ 15 እና 50 በስልክ ይምታታሉ፤ «አንድ፣ አምስት» እያልሽ ነጥለሽ በያቸው።

ሌላ አስተያየት፦
እትዬ ልክ ነዎት። እኔ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) የምሠራ ሲኤንኤ፣ ማለትም ረዳት ነርስ ነኝ፤ የምነግረው ለነርሷ ነው። «እማማ ዛሬ ጥሩ አይደሉም» ስላት ቀና ብላም አታየኝም ነበር። «ቁርሳቸውን ሁልጊዜ ይጨርሳሉ፣ ዛሬ አልነኩትም፤ እኔንም አላወቁኝም» ያልኳት ቀን ግን የያዘችውን ጥላ ተነሳች።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ! እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ብዬው እምቢ ቢለኝስ?

መልስ፦
አትጩኺ፣ አትለማመጪም። «አሳስቦኛል» በይው። ካልሰማ «በዚህ ሁኔታ መቀጠል አልተመቸኝም»። አሁንም ካልሰማ «ይሄ የታካሚ ሴፍቲ (ደህንነት) ጉዳይ ነው»። ሴፍቲ የምትለዋን ሰምቶ እንዳልሰማ የሚያልፍ ጥቂት ነው። ካለፈም ለቻርጅ ነርሷ፣ ለተረኛ ነርሶቹ ኃላፊ፣ ንገሪ። ታካሚው እየከፋበት ከሆነ ራፒድ ሪስፖንስ የሚባለውን የድንገተኛ ሕክምና ቡድን ጥሪ፤ ለዚያ የሐኪሙ ፈቃድ አያስፈልግሽም። የደወልሽበትን ሰዓትና የመለሰልሽንም ቻርቱ (የታካሚው መዝገብ) ላይ አስፍሪ።