አባቴ አልጋ አጠገብ ስቀመጥ ምን ላድርግ?

አባቴ ስትሮክ መትቶት ሆስፒታል ከተኛ 9 ቀኑ ነው። የተጎዳው የአንጎሉ ግራ ክፍል ነው። ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም፤ ንግግሩም ጠፍቷል። ሐኪሟ «የምትሉት ይገባዋል፤ ቃሉን ማውጣት ነው ያቃተው» ብላናለች።

እኔ ግን ልጠይቀው በገባሁ ቁጥር ግራ ይገባኛል። ዝም ካልኩ ይከፋዋል። ካወራሁ ደግሞ መልስ ሲፈልግ በላብ ይጠመቃል። ትናንት አንድ ነገር ፈልጎ «ነገ፣ ነገ» ይለኛል። ውሃ ሰጠሁት፣ ትራሱን አስተካከልኩ፣ መጋረጃውን ከፈትኩ። ለካ መነጽሩን ነው! በግራ እጁ ዓይኑን ሲነካ ነው የገባኝ። ይሄኔ ተናዶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

አሁን አዎ ወይም አይደለም በሚባል ጥያቄ እየሞከርኩ ነው። እሱም ቢሆን አንዳንዴ ይምታታበታል። ጠያቂዎች ደግሞ እንደማይሰማ ሰው ይጮሁበታል፤ ጆሮው ምን ሆነና!

እንዲህ ያለ ሰው ያስታመማችሁ፣ እስቲ ምከሩኝ። ቃሉ ሲጠፋበት ልጨርስለት ወይስ ዝም ብዬ ልጠብቀው? ስዕል ያለበት ሰሌዳ የሞከረስ አለ? ነገ ከሰዓት ተመልሼ እገባለሁ።